ዘንግ የሌለው ጆይስቲክ፦ የመርካቶ የጨዋታ ቤቶችና የእጅ መሣሪያቸው

በመርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችም ሆነ በአካባቢው በሚገኙት የፕሌይስቴሽን ቤቶች «ጆይስቲክ» ተብሎ የሚጠራው ዕቃ በሁለት እጅ ተይዞ በአውራ ጣት የሚሠራ ጠፍጣፋ የጨዋታ መቆጣጠሪያ ነው። ቃሉ ግን በትውልዱ ዘንግን የሚያመለክት ነው፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የአውሮፕላን አብራሪዎች በጉልበታቸው መካከል ቆሞ የሚያገኙትን የመሪ ዘንግ ይጠሩበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ የቀረበው የአታሪ መጫወቻም ቀጥ ያለ ዘንግ የተተከለበት መቆጣጠሪያ ይዞ ስለመጣ ስያሜው በቪዲዮ ጨዋታ ዓለም ሥር ሰደደ። በመርካቶ ስሙ ሲገባ ዘንጉ አብሮ አልገባም። በቶኪዮ፣ በሴኡል ወይም በኒው ዮርክ የድብድብ ጨዋታ የሚወድ ሰው ዘንግ ይሻላል ወይስ በእጅ የሚያዘው ጠፍጣፋ መቆጣጠሪያ ብሎ ለብዙ ዓመታት ሲከራከር፣ መርካቶ የሚገኝበት የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ልጅ በዚህ ክርክር ያልተካፈለው ምርጫውን አስቀድሞ ንግዱ ስለወሰነለት ነው።

የድብድብ ጨዋታ የሚባለው ሁለት ተጫዋቾች በስክሪን ላይ ሁለት ተፋላሚዎችን እያንቀሳቀሱ በቡጢና በእርግጫ የሚጋጠሙበት የቪዲዮ ጨዋታ ዓይነት ሲሆን፣ መልክ የያዘው የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ሁለተኛው ስትሪት ፋይተር ነው። ይህ ጨዋታ የተሠራው ለቤት ሳይሆን ለአርኬድ ነበር፤ አርኬድ ማለት ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ስክሪኑና መቆጣጠሪያው በአንድ ሣጥን የታሰረ፣ ሳንቲም ሲጎርስ ብቻ የሚያጫውት ማሽን የሚደረደርበት ቤት ነው። በሣጥኑ ፊት ለፊት በግራ በኩል አንድ ዘንግ፣ በቀኝ በኩል ሦስት የቡጢና ሦስት የእርግጫ፣ በድምሩ 6 ቁልፎች ነበሩ። ከዘንጉ ሥር ወደ አራቱ አቅጣጫዎች የተቀመጡ አራት ትንንሽ ማብሪያዎች አሉ፤ ዘንጉ ወደ አንዱ ሲዘነብል ማብሪያው ቀጭ ይላል፣ ወደ ማዕዘን ሲሄድ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይነካል። ዘንጉን የሚመራው ከአንጓ እስከ ክርን ያለው ክንድ ሲሆን ቁልፎቹን የሚመቱት የቀኝ እጅ ጣቶች ሁሉ ናቸው። ከጊዜ በኋላ ቤቱ መጫወት የሚፈልግ ሰው ይህንኑ የሣጥን ፊት ብቻ ቆርጦ እንደወሰደ ተቆጥሮ በጭን ላይ የሚቀመጥ መቆጣጠሪያ ተሠራለት፤ አርኬድ ስቲክ የሚባለው እሱ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ነው። የኒንቴንዶ መሐንዲስ የነበረው ጉንፔይ ዮኮይ እ.ኤ.አ. በ1982 በኪስ ለሚያዝ መጫወቻ ዘንግ መትከል ስለማይቻል በመስቀል ቅርጽ የተሠራ የአቅጣጫ ቁልፍ አበጀ፤ በዓመቱ ይኸው መስቀል በኒንቴንዶ የቤት መጫወቻ ላይ ተተክሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጡት የቤት መጫወቻዎች በአብዛኛው ይህንን መንገድ ተከትለዋል፤ የሶኒ ፕሌይስቴሽንም በኅዳር ወር 1987 ዓ.ም. (ዲሴምበር 3 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ አብሮት የነበረው ዕቃ ዘንግ አልነበረውም። በ1997 እ.ኤ.አ. የተጨመሩለት ሁለት አጫጭር እንጉዳይ መሰል ዘንጎችም ለአውራ ጣት የተሠሩ እንጂ በመዳፍ የሚጨበጡ አይደሉም።

መርካቶ ራሱ በውጭ ቃል የተጠራ የአገር ዕቃ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይቆም የነበረ ሲሆን፣ ወራሪው ኃይል በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ከተማውን በዘር ለመከፋፈል ባወጣው ዕቅድ አራዳን ለአውሮፓውያን አስቀርቶ ፒያሳ አደረገው፤ የአገሬውን ገበያ ደግሞ ወደ ምዕራብ ገፍቶ «የአገሬው ገበያ» በሚል የጣሊያንኛ ስያሜ አሰፈረው። ከነጻነት በኋላ «የአገሬው» የሚለው ቅጥያ ወደቀና «ገበያ» ማለት የሆነው መርካቶ ብቻ ቀረ። ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ የተከፋፈለው ይህ ገበያ ለየዕቃው ሰፈር የመስጠት ልማድ ስላለው፣ አዲስ ሸቀጥ ሲገባ የሚጠየቀው ምንነቱ ሳይሆን የትኛው ተራ እንደሚገባ ነው። «ተራ» የሚለው ቃል በአማርኛ የሰፈርም የወረፋም ስም መሆኑ ለጨዋታ ቤቶች ታሪክ የተመቸ አጋጣሚ ነው፤ በአንዱ ተራ ተገዝቶ የመጣው ዕቃ በሌላው ቤት ውስጥ «ተራ የማን ነው?» የሚያሰኝ ሆኗልና።

በገንዘብ የሚጫወቱበት ቤትም ለአካባቢው አዲስ ነገር አልነበረም። ከፕሌይስቴሽን ብዙ ቀድመው ሁለት የጠረጴዛ ጨዋታዎች በአዲስ አበባ ሥር ሰደው ነበር። አንዱ ከረንቡላ ነው፤ ስሙ ከጣሊያንኛ የተወረሰ፣ ቀዳዳ በሌለው ጠረጴዛ ላይ ኳስን ከኳስ የማላተም ጨዋታ ሲሆን የዐዋቂዎችና የመጠጥ ቤት ጨዋታ ሆኖ ኖሯል። ሁለተኛው ጆተኒ ነው። ጆተኒ በብረት ዘንግ ላይ የተሰኩ ትንንሽ ተጫዋቾችን እያሽከረከሩ የሚጫወቱት የጠረጴዛ እግር ኳስ ሲሆን፣ ስሙ በጣሊያንኛ ማሽን የሚጎርሰውን የቁማር ወይም የጨዋታ ምልክት ከሚያመለክተው «ጀቶኒ» ከሚለው ቃል የመጣ ይመስላል። ይህ ግምት ትክክል ከሆነ፣ ጆተኒም እንደ ጆይስቲክ ከአንዱ የዕቃ ክፍል የተወሰደ ስም ለሌላው የተሰጠበት ሌላ ምሳሌ ነው፤ መንገድ ዳር ከተደገፈው ጆተኒ አጠገብ የሚቆመው ልጅ ሒሳብ የሚቀበለው በእጁ እንጂ በማሽን ቀዳዳ አይደለምና።

የጆተኒ አጨዋወት ለኋላው ታሪክ ሁለት ነገር አውርሷል። የመጀመሪያው ደንቡ ነው፦ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው የተሸነፈው ነው፤ ያሸነፈው ሳይነሳ ይቀጥላል፣ ቀጣዩ ባለተራ ይገጥመዋል። ይህ ደንብ ጎበዝ ልጅ በአነስተኛ ገንዘብ ረጅም ሰዓት እንዲጫወት፣ ጀማሪው ደግሞ ትምህርቱን በገዛ ኪሱ እንዲገዛ የሚያደርግ ሲሆን፣ በብዙ አገር የአርኬድ ቤት ውስጥ የነበረውን ልማድ ይመስላል። ሁለተኛው የእጅ ትምህርት ነው። ጆተኒ የሚችል ልጅ ዘንጉን በመዳፉ ሙሉ አይጨብጠውም፤ ላላ አድርጎ ይዞ አንጓውን ባንድ ጊዜ ያዞረዋል፤ ዘንጉን ዝም ብሎ ማሽከርከር እንደ ነውር የሚታይበት ሰፈርም አለ። የጃፓን ተጫዋች የአርኬዱን ዘንግ ከታች በሁለት ጣቶች መካከል አስገብቶ እንደ ብርጭቆ የሚይዝበት ዘዴ ከዚህ የራቀ አይደለም። የመርካቶ ልጅ እጅ ለዘንግ ባዕድ ነበር የሚል ሰው ካለ ጆተኒን አላየም።

ታዲያ ሳንቲም የሚጎርሰው የድብድብ ሣጥን በመርካቶ ለምን ሥር አልሰደደም? አንዱ ምክንያት ዘመኑ ነው። ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓንን ባጥለቀለቀበትና አርኬድ በየአገሩ በተስፋፋበት ጊዜ ኢትዮጵያ በደርግ ሥር ነበረች፤ የውጭ ምንዛሪ ለመጫወቻ ሣጥን የሚወጣበት ዘመን አልነበረም። ሁለተኛው ስትሪት ፋይተር የወጣበት ዓመት ደርግ የወደቀበት ዓመት ነው፤ ገበያው ተከፍቶ የግል አስመጪ እስኪጠናከር ድረስ በውጭ አገር የአርኬድ ወርቃማ ጊዜ እያለፈ ነበር።

ሌላውና ብዙም ያልተነገረው ምክንያት ሳንቲሙ ነው። አርኬድ የጃፓን 100 የን ወይም የአሜሪካን 25 ሳንቲም የመሰለ፣ አንድ ጨዋታ ሊከፍል የሚችል ዋጋ ያለው ጠንካራ ሳንቲም ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ባለ 1 ብሩ ሳንቲም በ2002 ዓ.ም. ተመትቶ እስኪወጣ ድረስ በእጅ ይዘዋወር የነበረው ትልቁ ሳንቲም ሽልንግ፣ ማለትም 50 ሳንቲም ነበር፤ ብር የወረቀት ነበረ። በስሙኒና በሽልንግ የሚሠራ ማሽን የተገዛበትን ዋጋ በስንት ዓመት ይመልሳል? ወረቀቱን ብር ቆጥሮ የሚቀበል፣ መልስ የሚሰጥ፣ ዱቤ የሚያውቅ፣ ሲጣሉም የሚገላግል ልጅ በር ላይ ማስቀመጥ ከየትኛውም የሳንቲም ቀዳዳ ይረክስ ነበር። በዚህ ላይ ሣጥኑ በመኪና ተጭኖ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ ለአንድ ጨዋታ ብቻ የሚያገለግል ከባድ ዕቃ መሆኑ ሲታሰብ ነጋዴው ለምን እንደተወው ግልጽ ነው። እንዲህ ያሉ ማሽኖች በኋላ ዘመን እንደ ኤድና ሞል ባሉ የቦሌ መዝናኛ ማዕከላት ውስጥ ቢታዩም፣ ቤተሰብ ለበዓል ልጆቹን ይዞ የሚሄድባቸው እንጂ የሰፈር ልጅ በየቀኑ እጁን የሚያፍታታባቸው አልነበሩም።

የፕሌይስቴሽን ቤት የተወለደው ከአርኬድ ሳይሆን ከቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤት አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮችና ብርሃን የሚከለክል መጋረጃ ያሉት፣ የህንድና የኩንግ ፉ ፊልም በአነስተኛ ክፍያ የሚታይበት ክፍል ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ፕሌይስቴሽን በአዲስ አበባ ሲስፋፋ ለእንዲህ ያለው ክፍል የጎደለው መጫወቻው ብቻ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ደንበኛውም አለ። ደንበኛው ይዞት የመጣው ጣዕም ጭምር አለ፦ ብሩስ ሊን በስክሪን ሲያይ ያደገ ልጅ የቴከን ጨዋታ ውስጥ በእሱ አምሳል የተቀረጸውን ሎውን ሲያገኝ ማስተዋወቂያ አላስፈለገውም። መጫወቻው በዱባይ ተጓዥ ነጋዴ ሻንጣ ወይም ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ በኩል የሚያልፈውን የምሥራቅ መንገድ ተከትሎ ሊመጣ የሚችል፣ በክንድ ሥር የሚያዝ ዕቃ ነበር፤ ሲዲው እየተገለበጠ በርካሽ ይሸጣል፤ ጨዋታው ሲሰለች ሲዲውን መቀየር እንጂ ሣጥኑን መጣል አያስፈልግም። ጆይስቲኩም አብሮ መጣ። ዘንግ የፈለገ ሰው ለብቻው መግዛት ነበረበት፤ በአንድ ዘንግ ዋጋ ብዙ ጆይስቲክ የሚገኝ ከሆነ፣ ዘንጉ ደግሞ ከእግር ኳስ ጨዋታ ጋር የማይስማማ ከሆነ፣ የትኛው ባለቤት ይገዛዋል? የፕሌይስቴሽን ቤት እንጀራ ምንጊዜም እግር ኳስ ነው፤ ድብድብ ወጥ ሳይሆን ማጣፈጫ ነበር።

ድብድቡ ቢሆንም ከጆይስቲክ ጋር የተስማማበት አንድ ቴክኒካዊ ምክንያት አለ። የናምኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ቴከን የተሠራበት የአርኬድ ማሽን በፕሌይስቴሽን አካል ላይ የተመሠረተ ስለነበር ጨዋታው ወደ ቤት ሲመጣ ብዙ አልተጎዳም። ቁልፎቹም 6 ሳይሆኑ 4 ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ለአንድ የሰውነት ክፍል የተመደቡ ሲሆኑ፣ ባለ አራት ማዕዘኑ የግራ እጅ፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑ የቀኝ እጅ፣ ኤክሱ የግራ እግር፣ ክቡ የቀኝ እግር ናቸው። የጆይስቲኩ የቀኝ ፊት በትክክል 4 ቁልፎች አሉት። ስትሪት ፋይተርን በጆይስቲክ የሚጫወት ሰው ከስድስቱ ሁለቱን ቁልፎች ወደ ጆይስቲኩ ትከሻ፣ ማለትም ወደ ላይኛው ጠርዙ፣ አሻግሮ በአመልካች ጣት መፈለግ ሲኖርበት፣ ቴከንን የሚጫወት ግን አውራ ጣቱ ብቻ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ለፕሌይስቴሽን የወጣው ሦስተኛው ቴከን ውስጥ የተጨመረው የካፖይራ ተዋጊ ኤዲ ጎርዶ ደግሞ የእርግጫ ቁልፎቹን ዝም ብሎ ለሚደበድብ ሰው ሳይቀር የሚታዘዝ ስለሆነ፣ ሥርዓት ይዞ ለተማረ ተጫዋች የንዴት ምንጭ ነው።

አውራ ጣት ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑም በዓይን የሚታይ ነው። አጠገብ ለአጠገብ ያሉትን ባለ አራት ማዕዘኑንና ኤክሱን በአንድ ጊዜ መጫን ለሚጠይቀው የመያዝና የመጣል ምት አውራ ጣትን በሁለቱ ላይ ማጋደም ይበቃል። ባለ አራት ማዕዘኑንና ክቡን፣ ወይም ባለ ሦስት ማዕዘኑንና ኤክሱን አንድ ላይ መጫን ሲያስፈልግ ግን ቁልፎቹ ፊት ለፊት የተራራቁ ስለሆኑ አንድ ጣት አይደርስባቸውም። በዘንግ የሚጫወተው ሰው ሁለት ጣት ዘርግቶ ያለ ሐሳብ ይመታቸዋል። የጆይስቲኩ ሰው ሁለት መንገድ አለው፦ ወይ በጨዋታው ማስተካከያ ገብቶ ጥምሩን ለትከሻ ቁልፍ መመደብ፣ ወይም ቀኝ እጁን ከመያዣው አላቅቆ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በሁለት ጣት መምታት ነው። በጋራ መጫወቻ ቤት የመጀመሪያው መንገድ ጸብ አለው፤ አንዱ የቀየረውን ቀጣዩ ባለተራ ሳያውቅ ይገባበትና «ማን ነካካው?» ይላል። ሁለተኛው መንገድ ጆይስቲክን ለጊዜው ወደ አርኬድ ስቲክ መለወጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በግራ በኩል ያለው ችግር ሌላ ነው። በስትሪት ፋይተር የታወቀውን የእሳት ምት ለመተኮስ አቅጣጫው ከታች ጀምሮ በማዕዘኑ አልፎ ወደ ፊት መንሸራተትና በመጨረሻው ላይ ቡጢ መጫን አለበት፤ ዘንግ ይህንን በአንድ የአንጓ ዙር ይፈጽመዋል። የፕሌይስቴሽን የአቅጣጫ ቁልፍ ከላይ ሲታይ አራት ቦታ የተከፈለ ስለሆነ ማዕዘኑ ላይ የሚጫነው የሁለቱ ቁራጮች ጠርዝ ነው፤ ረጅም ሰዓት የተጫወተ ልጅ የግራ አውራ ጣቱ ቆዳ የሚላጠውም ከዚሁ የተነሳ ነው። የሸሚዝ ጫፍ ወይም ሶፍት በጣትና በቁልፍ መካከል አድርጎ ማንሸራተት ለዚህ የተገኘ መላ ነው።

በመርካቶና በአካባቢው የነበረው እውነተኛ ምርጫ እንግዲህ በዘንግና በጆይስቲክ መካከል ሳይሆን በጆይስቲክና በጆይስቲክ መካከል ነበር። በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ሁለት ጆይስቲኮች አሉ፤ አንዱ ሁልጊዜ ከሌላው ይሻላል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ በታች ጥቁር ካርቦን የተቀባ የጎማ ጉልላት አለ፤ ሲጫን ከሥሩ ያለውን መስመር ነክቶ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ሺህ ጊዜ ሲደበደብ ግን ካርቦኑ ይለቅና ቁልፉ «ይደነቁራል»። ገመዱም ከጆይስቲኩ በሚወጣበት አንገት ላይ ይሰበራል። ጠጋኙ ከጀርባ ያሉትን ብሎኖች ፈትቶ፣ ከሞተ ጆይስቲክ የወሰደውን ጎማ በዚህኛው ተክቶ፣ የተበጠሰውን ሽቦ በቀለጠ እርሳስ አያይዞ፣ አንገቱን በጥቁር ፕላስተር ይጠመጥመዋል። አንድን ጆይስቲክ ከሦስት ጆይስቲክ ሬሳ ማውጣት የተለመደ ነው፤ አሮጌ ዕቃ በማይጣልበት፣ ቆራሌው በየሰፈሩ ዞሮ የሰበሰበው ሁሉ በምናለሽ ተራ ሌላ ሕይወት በሚያገኝበት ገበያ ይህ ጥበብ አያስደንቅም። የአርኬድ ዘንግ ደግሞ ማብሪያዎቹ በተናጠል የሚለወጡ ስለሆኑ በመርህ ደረጃ ከጆይስቲክ ይልቅ ለጥገና የተመቸ ነው፤ ነገር ግን መለዋወጫ የሚገኘው ብዙ ዕቃ በሚሞትበት ቦታ ነው፤ ዘንጉ ብዙ ስላልገባ ብዙ አልሞተም።

ይህ የመሣሪያ ልዩነት የችሎታ ልዩነት አለመሆኑን የውጭው ታሪክ ያሳያል። ፈረንሳዊው ሉፊ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በሚካሄደው ኢቮ በተባለው የድብድብ ጨዋታ ትልቅ ውድድር የስትሪት ፋይተርን ዘውድ የወሰደው በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን አሮጌ ጆይስቲክ ነበር፤ ይኸውም በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤቶች ሲደበደብ ከነበረው ዕቃ ጋር አንድ ነው። በሌላ በኩል የላሆሩ አርስላን አሽ እ.ኤ.አ. በ2019 የጃፓኑንም የአሜሪካውንም ኢቮ በቴከን አሸንፎ ዓለምን ሲያስደንቅ፣ ከጀርባው በሠፈር አርኬድ ቤቶች ተራ እየጠበቁ የሚጋጠሙ የፓኪስታን ልጆች እንዳሉ ታወቀ። ላሆርና አዲስ አበባ በኪስ ብዙ የማይራራቁ ከተሞች ናቸው፤ የለያያቸው የላሆር የሰፈር ነጋዴ የአርኬድ ሣጥኑን ሥራው አድርጎ መያዙ ነው።

የፕሌይስቴሽን ቤት በበኩሉ ከባለሥልጣን ጋር ሰላም ኖሮት አያውቅም። ትምህርት ቤት አጠገብ የተከፈተው ከጫትና ከሺሻ ቤት ጋር ተደምሮ «አዋኪ» በሚለው መዝገብ ውስጥ እየገባ በተደጋጋሚ ታሽጓል። ይህ ስጋት የንግዱን ዕቃ ቀላል እንዲሆን ያስገደደ ይመስላል፦ መጫወቻውና ሁለት ጆይስቲኮች በአንድ ፌስታል ተይዘው በጓሮ በር ይወጣሉ፤ 100 ኪሎ የሚመዝን ሣጥን በየትኛው ትከሻ ይሸሻል?

ዛሬ በመርካቶ የጆይስቲክ ንግድ ከድሮው የተለየ ነው። ገመዱ ጠፍቷል፤ ገዢው የሚጠይቀው «ኦሪጅናል ነው ኮፒ?» ብሎ ሲሆን፣ የሚፈራው የአንገት መሰበር ሳይሆን ጣት ሳይነካው በራሱ የሚንሸራተተውን የእንጉዳዩን ዘንግ መላላት ነው፤ ከቤቱ ሳይወጣም በቴሌግራም ያዛል። የአርኬድ ዘንግ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ካልሆነ በቀር በብዛት አይገባም። በብዙ ሰፈሮች ግን ከፕሌይስቴሽን ቤቱ በር ውጭ፣ ከግድግዳው ተደግፎ፣ ቀለሙ የለቀቀ ጆተኒ ቆሟል፤ መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ጆይስቲኩን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ይወጡና የሚጠብቀውን ልጅ ኳስ ይጠይቁታል።